ኮሪደሩን ማን አረጠበው

«ዛሬም ኮሪደሩ ረጥቦ ነበር። በካልሲዬ ነው የረገጥኩት» አለች ምራታቸው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከእንግዲህ አይቼ እንዳላየሁ መሆን አልችልም። አባባ ናቸው።»

ጋሽ ሾፌሩ የጥርስ ብሩሻቸውን እንደጎረሱ ቀጥ አሉ። መታጠቢያ ቤቱን ከወጥ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ ስስ ነው፤ ማንኪያ ቢወድቅ የሻይ ይሁን የሾርባ ይለያል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሳቸው ጆሮ ግን ያን ዕለት ማለዳ ባዳነቱን ትቶ ሁሉንም አንድ በአንድ ለቅሞ አመጣላቸው። ቢላዋው ዳቦ ሲቆርጥ ተሰማ፣ ቆመ፣ እንደገና ቆረጠ። «ውሻዋ ብትሆንስ?» አለ ልጃቸው በመጨረሻ። «ፌርማታ? አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቤት አበላሽታ አታውቅም ብለህ የማልክልኝ አንተ አይደለህም? ደግሞም ሁልጊዜ የማገኘው ከሳቸው በርና ከሽንት ቤቱ መካከል ነው። ሳይደርሱ እያመለጣቸው ነው። ነውር አይደለም፣ እርጅና ነው። ግን ልጃችን መዳህ ጀምራለች።» «እኔ አባቴን ምን ብዬ ነው እንዲህ የምለው?» አለ ልጃቸው። ጋሽ ሾፌሩ አፋቸውን የተጉመጠመጡበትን ውሃ ቧንቧውን ሳይከፍቱ ቀስ ብለው አፈሰሱት። እዚያ መኖራቸው እንዳይታወቅ ፈለጉ፤ የሰሙት እሳቸው፣ ያፈሩትም እሳቸው።

ኮሪደሩን የምታረጥበው ፌርማታ ነበረች። ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ጋሽ ሾፌሩ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በአሮጌ ፎጣ ያደርቁ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከቀዶ ጥገናው ወዲህም እንደ ድሮው አይደለም፣ የኮሪደሩ ንጣፍ ደግሞ ጠቆር ያለ ነውና አንዳንዱ ጥግ ያመልጣቸዋል። አሁን የብዙ ነገር ትርጉም ተገለጠላቸው። ባለፈው ሳምንት አንሶላቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ያገኙት ላስቲክ፣ ከትልቁ ኩባያ ወደ ትንሿ ስኒ የወረደው የማታ ሻያቸው፣ ሶፋው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ምራታቸው ሮጣ የምታነጥፈው ጨርቅ፤ ሁሉም መልስ አገኘ። «ውሻዋ ናት» ብሎ መናገር ሁለት ቃል ነው። ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ ሚስታቸው ባረፈች በዓመቱ፣ ቤታቸውን ሸጠው ወደዚህ ሦስተኛ ፎቅ ሲገቡ አንድ ውል ነበር። ፌርማታ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ካበላሸች ሌላ ቦታ ይፈለግላታል ተብሎ ነበር። ጋሽ ሾፌሩም እሺ ብለው ነው የገቡት። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው እሺ ካለ እሺ ነው።

ቁርስ ላይ ምራታቸው የልጇን አፍ ትጠርጋለች፣ ልጃቸው የጫማውን ማሰሪያ ከሚገባው በላይ ረጅም ሰዓት ያስራል። ሻዩ በትንሿ ስኒ መጣ። «ዛሬ የት ትውላለህ አባዬ?» አለ ልጃቸው ጫማውን እያየ። «ፌርማታን ይዤ ትንሽ ልንቀሳቀስ ነው።» «ሩቅ አትሂድ» አለና ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ሽንት ቤት ከሌለበት አካባቢ አትሂድ ማለቱ እንደሆነ ገባቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ምራታቸውም ልጅቷን አቅፋ፣ ሞግዚቷ ጋ አድርሳት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ በሩን ከመዝጋቷ በፊት መለስ ብላ «አባባ፣ የሽንት ቤቱን መብራት አብርቼ ትቼልዎታለሁ» አለቻቸው፤ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚነገር ጮክ አድርጋ፣ እያንዳንዷን ቃል እየለያየች።

ፌርማታ ካልጠሯት አትነሳም። በድሮው የደንብ ልብስ ካፖርታቸው ላይ ተጋድማ በአንድ ዓይኗ ታያቸዋለች። ቡችላ ሆና ያገኟት በመስመራቸው የመጨረሻ ፌርማታ ላይ፣ ከተጠባባቂዎች መቀመጫ ሥር ነው። ስሟን ያወጣችላት ሚስታቸው ነበረች፤ «አንተ ከምትቆምበት ቦታ ሁሉ እዚች ጋ ብቻ ነው ወርደህ የተመለከትከው» ብላ ቀልዳባቸው። አሁን የጎድን አጥንቷ በመዳፍ ይቆጠራል። ትንፋሿ ጠረኑ ተለውጧል፤ ምግብ ትሸትና ፊቷን ታዞራለች። የምትፈልገው ውሃ ብቻ ነው። ውሃ ደግሞ ጋሽ ሾፌሩ ከልክለዋታል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ሳህኗን አንስተው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ይሰቅሉታል፤ ካልጠጣች አያመልጣትም ብለው።

አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ። ጋሽ ሾፌሩ ወደ እንስሳት ሕክምና ሊወስዷት ፌርማታን አቅፈው አንዱን እግራቸውን ከማሳረፋቸው ትኬት ቆራጯ እጇን ዘረጋች። «አባባ፣ ውሻ አይቻልም።» እሳቸውም ስንት ሰው በዚህ ሕግ አውርደዋል። አንድ ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ጥንቸል የያዘች ሴት ዝናብ ላይ አውርደው መስታወት ውስጥ እስክትጠፋ ድረስ አይተዋታል። «ሕጉን አውቀዋለሁ ልጄ» አሉና ወረዱ። አምስት ፌርማታ በእግር ነው። ፌርማታ መቀመጫ ያለበት ቦታ በደረሱ ቁጥር፣ ስሟን ልታከብር ይመስል፣ ዘርፈጥ ትላለች። እሳቸውም አብረዋት ይቀመጣሉ። አውቶቡስ ይቆማል፣ ይጠብቃቸዋል፣ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ይሄዳል። ከሦስተኛው በኋላ አልነሳም አለች። ተሸከሟት። እንደ ድሮው ብትሆን ኖሮ ወገባቸው ባልቻላት ነበር፤ ቅለቷ አስደነገጣቸው።

የእንስሳት ሕክምናው ከጎማ ጠጋኝ አጠገብ ያለች ሁለት ክፍል ናት። አንድ ዶሮ አርቢ ካርቶን ታቅፎ ተቀምጧል፣ አንዲት ሴት በገበያ ዘንቢል ድመት ይዛለች። ዶሮ አርቢው የመሰልቸት ወሬ ጀመረ። «ስንት ዓመቷ ነው?» «አሥራ ሦስት።» «ኧረ ጉድ! የኔዎቹ በሁለት ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ።» «ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ሾፌሩ። «ከዚያማ ድስት።» ሴትዮዋ ሳቀች፣ ጋሽ ሾፌሩም ሳቁ። ከሰው ጋር ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው እንደሆነ ማሰብ ጀመሩና ተዉት። ሐኪሟ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ናት። ደም ቀዳች፣ ሽንት ወሰደች፣ አራት መቶ ሃምሳ ብር ይከፈላል አለች፣ ለአንድ ሰዓት ያህልም ጠብቁ አለች። ጠበቁ። ዶሮ አርቢው ሄደ፣ ድመቷም ሄደች። ግድግዳው ላይ የላም ሆድ ዕቃ የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ አንድም ሳይቀር ተመለከቱት።

«ኩላሊቷ ነው አባባ» አለች ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ። «ደሟን ማጣራት ደክሟል። ውሃውን ይዞ ማቆየት ስለማይችል የጠጣችው ሁሉ ወዲያው ይወጣል። ሲወጣባት ደግሞ ይጠማታል።»

«ማጣሪያው አለቀ በይኛ» አሉ። «እንደ ሞተር ዘይት ማጣሪያ።»

«ልክ እንደሱ። መለዋወጫ የለውም እንጂ።» ከዚያ ጠየቀቻቸው። መቼ ጀመራት? ምን ትበላለች? ውሃ እንደልብ ታገኛለች? ጋሽ ሾፌሩ የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ማታ ማታ አነሳባታለሁ» አሉ። «ሁለት ሳምንት ይሆነኛል። ቤት እንዳታበላሽብኝ ብዬ።» ሐኪሟ አልተቆጣቻቸውም፤ ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ አያንሱባት» አለች ብቻ። «ውሃ ካጣች ኩላሊቷ ጭራሽ ይቆማል። ማበላሸቷ አይቀርም፣ እንዲያውም ይብስ ይሆናል። ግን ትጠጣ።» ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት ጠየቁ። ወራት፣ ቢቀናት ዓመት፤ ከዚያ በላይ ግን አለመጠበቅ። ከዚያ የፌርማታን ትከሻ ቆዳ እንደ ድንኳን ወደ ላይ ቆንጥራ ይዛ፣ በመርፌ ከቆዳዋ ሥር ከላስቲክ ከረጢት ፈሳሽ ስታስገባ አሳየቻቸው። በየሁለት ቀኑ ነው፣ ቤት ውስጥ መስጠት ይቻላል፣ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ጭንቅላቷን ያቅፋል፣ አንዱ ይወጋል። «ብቻዬን እችላለሁ» አሉ ጋሽ ሾፌሩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳሁት ብቻዬን ነው።» «አውቶቡስ መርፌ አይፈራም አባባ» አለች ሐኪሟ።

ቤት ሲደርሱ ማንም አልነበረም። ጋሽ ሾፌሩ ሐኪሟ የሰጠቻቸውን የፈሳሽ ከረጢቶችና የማቅለሽለሽ መከላከያ መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ሳህን አወረዱ፣ እስከ አፉ ሞሉት፣ ፊቷ አስቀመጡት። ጠጣች። እሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የምላሷን ድምፅ ያዳምጣሉ። ጨረሰች፣ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ደግመው ሞሉላት። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህች ውሻ አንዲት ነገር ለምናቸው አታውቅም፤ ሲሰጧት ትበላለች፣ ሲከፍቱላት ትወጣለች። እነዚያን ሌሊቶች ቁም ሣጥኑን ቀና ብላ እያየች ስታነጋ እንኳ አላላዘነችም። ጋሽ ሾፌሩ ሚስታቸው በሞተች ጊዜ በሰው ፊት አላለቀሱም። አሁን ሰው አልነበረም፤ እና አለቀሱ። አፍንጫቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ኮሪደሩ ረጥቦ ነበር።

ምራታቸው ልጅቷን አዝላ ስትገባ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ሲወለውሉ ደረሰች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች። «ተዉት አባባ፣ እኔ እወለውለዋለሁ» አለች፣ እንደገና በዚያ ጮክ ባለ ድምፅ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ተንበርክካ ፎጣውን ከእጃቸው ወሰደች፣ ክንዳቸውን ደግፋ አስነሳቻቸው፣ ሱሪያቸውን ሰረቅ አድርጋ አየች። ደረቅ ነበር። ግራ ገባት፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ወለሉን መወልወል ጀመረች። እሳቸውም ሁለቱን ቃላት እስከ ጥርሳቸው አምጥተው መልሰው ዋጧቸው።

ልጃቸው ከመሥሪያ ቤቱ ሲመለስ መሽቷል። ራት ሩዝና የተቀቀለ ካሮት ነበር። ተበልቶ ሲያበቃ ጋሽ ሾፌሩ ክፍላቸው ገቡ፣ ልጃቸውም ተከትሏቸው ገባ። ይህ ያልተለመደ ነው። እዚህ ቤት ከገቡ ወዲህ ልጃቸው ከበሩ ላይ ሆኖ «ደህና እደር አባዬ» ከማለት አልፎ እግሩን አስገብቶ አያውቅም። አሁን ግን አልጋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ከሥራቸው ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። የፋርማሲ ከረጢት ይዟል። መካከላቸው አስቀመጠው። ከላይ በኩል የሚያሳየው ፈገግ ያሉ ሽበታም ባልና ሚስት ሥዕል ያለበት የአዋቂ ዳይፐር ነው።

«አባዬ» አለ። «ነውር የለውም። እማዬ ስትታመም አንተ ስታገላብጣት ስታጥባት አይቻለሁ። አንድ ቀን ፊትህን አጨፍግገህ አላየሁህም። እኔም እንደዚያው ነኝ። አትፈር። ሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ አብሬህ ነኝ።» ይህን ብሎ እጃቸውን ያዘ።

ጋሽ ሾፌሩ እጃቸውን ተመለከቱ። ልጃቸው ለመጨረሻ ጊዜ የያዛቸው በቀብሩ ዕለት ነበር። መዳፉ ሞቃት ነው፣ አውራ ጣቱ ላይ የቀለም ቅሪት አለበት። ዝም ቢሉ ምን ይሆናል? ፌርማታ ውሃዋን ትጠጣለች፣ ኮሪደሩ ይረጥባል፣ ማንም አይጠይቃትም። ሰኞ ልጃቸው ቀኑን ሙሉ የሳቸው ነው፤ በመኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ተራ እየጠበቁ፣ ምናልባትም አብረው ምሳ እየበሉ። የሚያስከፍላቸው ስማቸውን ብቻ ነው። ሰባ አንድ ዓመት የለበሱት ስም አልቋል፣ ነትቧል፤ ይሂድ። እጃቸውን ከእጁ ሳያወጡ ቆዩ። ጣፋጭ ዝምታ ነበር። ከዚያ ልጃቸው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ፤ ልክ በስምንት ዓመቱ ከብስክሌት ወድቆ አልወደቅሁም ሲል እንደጠረገው። ይሄን አልቻሉም። ደህና ሆኖ ልጅን እያስለቀሱ መቀመጥ ሌብነት መሰላቸው።

«እኔ አይደለሁም» አሉ።

«ምኑ?»

«ኮሪደሩን። ፌርማታ ናት። ኩላሊቷን ታማለች። ዛሬ ሐኪም አሳይቻት መጣሁ።»

ልጃቸው መጀመሪያ ውሻዋን፣ ቀጥሎ ሳህኑን፣ ከዚያ አባቱን አየ። «ታውቅ ነበር?» «ሁለት ሳምንት ሆነኝ።» «እኛ አንተን መጠርጠራችንንስ?» «ጠዋት ሰማኋችሁ።» «ታዲያ እንዴት ዝም ትላለህ አባዬ?»

«ብናገር የት ትወስዷት ነበር?»

ልጃቸው ፊቱን ሊያሻሽ እጁን አነሳ፤ ወደ እጃቸው ግን አልመለሰውም። «ዛሬ ቢሮ፣ አባቴ እየሄደብኝ ነው ብዬ አለቃዬ ፊት አልቅሻለሁ» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ነበር፣ ሳቁ መካከል ላይ ቁጣ ሆነና ቀረ። ተነሳ። ከረጢቱን እዚያው ትቶት ወጣ።

ትንሽ ቆይታ ምራታቸው ልጅቷን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ድምፅዋ ግን ወደ ቀድሞው ተመልሶ ነበር፤ አልጮኸችም፣ ቃል አልለያየችም። «እንደዚያ ሳማዎት እያዳመጡ ዝም አሉኝ?» «አላማሽኝም። የመሰለሽን ነው ያልሽው።» «አሁን እኔ ክፉ ሴት ሆንኩ አይደል?» «የልጅሽን ወለል ነው የጠበቅሽው። ክፉ አይደለሽም።» ልጅቷ ውሻዋን አይታ እጇን ዘረጋች፤ እናትየው ወደ ኋላ አለች። ከዚያ እሷም ውሻዋን አየቻት፣ ምናልባት በቅጡ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። «ትሞታለች?» «ትሞታለች። ዛሬ ግን አይደለም።» ምራታቸው ልጅቷን ከአንዱ ወገቧ ወደ ሌላው አዛወረች። «ኮሪደር ላይ አትተኛም» አለች። «ከዚህ ክፍል አትወጣም፣ ልጅቷ መሬት ስትሆን በሩ ይዘጋል። ያንን ዳይፐር ከሥሯ ያንጥፉላት፤ አንዴ ተገዝቷል፣ ፋርማሲው እንደሆነ አይመልስም።» ጋሽ ሾፌሩ እሺ አሉ። እሺ ካሉ እሺ ነው።

ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ምሽት ተስተካከለ ማለት ይቻላል። ውሻዋ አልተባረረችም፣ ስማቸውም ተመለሰላቸው። ምራታቸው ራሷ መጥታ ላስቲኩን ከአንሶላው ሥር ጎትታ አወጣችው። ጋሽ ሾፌሩ ሁለት ዳይፐር ከፍተው ካፖርቱ ላይ አነጠፉ፣ ፌርማታ ሦስቴ ዞረችና ፈገግ ካሉት ባልና ሚስት አጠገብ ተኛች። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፤ አንድ ሰው ስለ ነገው የአየር ሁኔታ ያወራል። ልጅቷ ተኛች። ማንም አልጠራቸውም። ለምን ይጥሯቸው? ያልታመመ ሰው ናቸው። አልጋው ላይ ልጃቸው ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ገና አልተነሳም፣ ጎድጎድ እንዳለ ነው። ጋሽ ሾፌሩ ያንን ጎድጓዳ ላለማየት ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ፤ የሰኞው ቀጠሮ ከእንግዲህ እንደማይኖር ትዝ አላቸው፣ መታመማቸው የታመነበት ያቺ ግማሽ ሰዓትም ናፈቀቻቸው። እንደዚህ ያለ ናፍቆት ለማን ይነገራል?

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል የልጃቸው እርምጃ መጣና ከበሩ ውጭ ቆመ። በሩ አልተከፈተም። «ደህና ነህ አባዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና እደር።» እርምጃው ሄደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጋሽ ሾፌሩ ሸሚዛቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። በሕይወታቸው ሰው እንዲረዳቸው ጠይቀው አያውቁም፤ ጎማ የፈነዳባቸው ቀን እንኳ ተሳፋሪ ቁልፍ እንዲያቀብላቸው አልፈቀዱም። ሐኪሟ ሁለት ሰው ይፈልጋል ያለችውን አሰቡ። ከዚያም ሐኪሟ ያላለችውን።

«ልጄ» አሉ።

እርምጃው ቆመ። «አቤት።»

«መርፌዋን በየሁለት ቀኑ እኔ ነኝ የምወጋት። አንድ ሰው ጭንቅላቷን አቅፎ ካልያዘልኝ ግን አልችልም።» «ብቻዬን አልችልም» አሉ ደግመው፤ ቃሉ አፋቸው ውስጥ እንግዳ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ልጃቸው ካልሲ ብቻ አድርጎ ቆሟል። ፊቱ ገና አልተፈታም፤ የቁጣው ቅሪት ቅንድቡ ላይ አለ። ወዴት እንደሚቀመጥ ክፍሉን ቃኘ፣ አልጋውንም አየ፣ ከዚያ ወርዶ ወለሉ ላይ ውሻዋ አጠገብ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ፌርማታ ጆሮዋን አንቀሳቅሳ አገጯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። ልጃቸው እጁን ምን ላይ እንደሚያሳርፈው ጨንቆት አየር ላይ ያዘው።

«እንዴት ነው የምይዛት?» አለ። «ውረድና አሳየኝ።»